ትሉን ከመግደላችሁ በፊት ማንነቱን ለዩ

የዛሬው ጨዋታችን ስሙ ሲጠራ እንኳ ፊት የሚያስቋጥር ነው፤ ስለ ትል ነው። ያውም ሳሎናችን ውስጥ፣ በጨው ውኃ አኳሪየማችን ውስጥ ድንገት ብቅ ስለሚለው ትል። በከተማችን የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ቤተሰብ ገና ብዙ አይደለም። ያለን ሰዎች ግን በአንድ ነገር እንመሳሰላለን፤ ሁላችንም አንድ ቀን ትል አይተን ደንግጠናል። ድንጋጤው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትሉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። በራሴ ቤት የደረሰውን ላጫውታችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የሰባት ዓመቷ ልጄ ውኃ ልትጠጣ ከመኝታዋ ተነሳች። የአኳሪየሙ መብራት ጠፍቷል። ዓሦቿ ተኝተው እንደሆነ ለማየት የእናቷን ስልክ አብርታ ወደ መስታወቱ ስትጠጋ ጩኸቷ ቤቱን አናጋው።

«አባዬ! ድንጋዩ ውስጥ እባብ አለ!»

ሮጬ ሄድኩ። እባብ አልነበረም። የመሐል ጣት የሚያህል፣ ቡናማና ሮዝ የተቀላቀለበት፣ ግራና ቀኙን በነጭ ጠጉር የተከበበ ትል ከድንጋዩ ቀዳዳ ወጥቶ የወደቀ የዓሣ ምግብ እየጎተተ ነበር። ብርሃኑ ሲያርፍበት እንደ ላስቲክ ተኮማትሮ ወደ ቀዳዳው ገባ። አጠገቡ ሌላ ነበር፤ ከዚያም ሌላ።

እናቴ በዚያ ሳምንት ልትጠይቀን መጥታ ነበርና ከኋላዬ ቆማ አየችው። «ኮሶ ነው?» አለችኝ። «ልጆቹ እጃቸውን እዚያ ሲነክሩ ዝም ብለህ ታያለህ?» ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ፊቷ ግን ተናገረ።

በማግስቱ ማንም ሳይነሳ ሥራ ጀመርኩ። ድንጋዮቹን በሙሉ አውጥቼ በባልዲ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። የባሕር ትል ጨው በሌለው ውኃ ይሞታል፤ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወጡትን ለቅሜ ጣልኩ፣ ድንጋዮቹን መለስኩ፣ ኮራ ብዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ያላሰብኩት ከድንጋዩ ሳይወጡ እዚያው የሞቱትን ነው። ከእነሱ ጋር ደግሞ ድንጋዩ ላይ ሆነው ውኃውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። በሁለተኛው ቀን ውኃው ደፈረሰ፤ ሸተተም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ በስም የምትጠራቸውን ሁለቱን ክላውንፊሾች ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

«ትሉ ነው የገደላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ያን ጠዋት ባውቀው ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ላካፍላችሁ።

ለልጆቹ ያሰጋል?

የእናቴን ጥያቄ ላስቀድም፤ የወላጅ ሁሉ ጥያቄ ነውና። ኮሶና ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎች ናቸው። ኮሶ በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ፣ ወስፋት ደግሞ በተበከለ ምግብና እጅ ይመጣል። በአኳሪየም ድንጋይና አሸዋ ውስጥ የምናያቸው ትሎች ግን ኑሯቸው በባሕር ውኃ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ አይኖሩም፤ ልጆቻችንንም ትል አያስይዙም።

እንዲህ ሲባል ግን እጅ እንዳሻው ይነከር ማለት አይደለም። አንደኛ፣ አንዳንዱ ትል ይወጋል። ሁለተኛ፣ በዓሣ ውኃ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ይህ ባክቴሪያ በተጫረ ቆዳ በኩል ገብቶ ቶሎ የማይድን እብጠትና ቁስል ያመጣል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ውኃው ውስጥ አትንከሩ፤ ድንጋይ ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። የእጅ ቁስል ለሳምንታት አልድን ካለ ደግሞ ለሐኪሙ አኳሪየም እንዳላችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ሊጠረጥረው የማይችል ነገር ነው።

ማን ማን ነው?

ትልን ለመለየት ጥሩው ጊዜ ሌሊት ነው። የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል ጠቅልላችሁ ተመልከቱ። ቀይ ብርሃን ብዙዎቹን ስለማያስደነግጣቸው ሥራቸውን ሲሠሩ ታገኟቸዋላችሁ። አራት ነገር ልብ በሉ፦ ቅርጹን፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚሠራውን፣ ብዛቱን። ከቻላችሁ ፎቶ አንሡት።

በብዛት የምታገኙት ብሪስል ዎርም የሚባለውን ጠጉራም ትል ነው። ሰውነቱ እንደ ቀለበት በተደረደሩ ክፍሎች የተሠራ ሲሆን ከእያንዳንዱ ክፍል ግራና ቀኝ ነጭ የጠጉር ጭብጥ ይወጣል። ቀን ይደበቃል፤ ሌሊት የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ኩስና የሞተ ነገር ይለቃቅማል። እኛም ሆንን ዓሦቻችን የማንደርስበትን የድንጋይ ስንጥቅ የሚያጸዳው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚጠላው የሞተ ዓሣ ላይ ስለሚያገኘው ነው። ነገር ግን ጥምብ ላይ ጥምብ አንሣ ብታዩ ከብቱን የገደለው እሱ ነው አትሉም። ይህም እንደዚያው ነው።

ጠጉሩን ግን በባዶ እጅ እንዳትነኩት። እንደ በለስ ደቃቅ እሾህ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ከወጋችሁ ቦታውን አትሹት። የሚለጠፍ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፤ ብዙው እሾህ አብሮ ይወጣል። የቀረውን አቼቶ በነካ ጥጥ ያዙበት። እብጠቱ ከተስፋፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ከዚሁ ዘር ሁለት አስቸጋሪ ዘመዶች አሉ። አንደኛው በአትላንቲክና በሜዲትራኒያን ባሕር የሚገኘው የእሳት ትል ነው። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ሆኖ ሥሩ አካባቢ ቀላ ይላል። ይህ ኮራል በላተኛ ነው። የኮራል ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ካያችሁት በወረንጦ ይዛችሁ አውጡት።

ሁለተኛው ቦቢት የሚባለው ነው። በተፈጥሮ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ሰውነቱ እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል፤ ራሱ ላይ አምስት ቀንድ የሚመስሉ መዳሰሻዎችና ጠንካራ መንጋጋ አለው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓሣ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ኒውኪ ከተማ በሚገኘው ብሉ ሪፍ አኳሪየም ኮራሎች እየተቆራረጡ ሠራተኞቹ ምክንያቱ ቢጠፋቸው፣ በመጨረሻ ድንጋዮቹን ሲያነሱ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ትል አግኝተዋል። ባሪ ብለው ስም አወጡለት። የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ዓሣ ያለ ምልክት እየጠፋ ከሆነ ግን አስታውሱት። ለማስወገድ የተደበቀበትን ድንጋይ ከነትሉ ወደ ሌላ ባልዲ የባሕር ውኃ ማዛወር ይሻላል። ጎትታችሁ ከቆረጣችሁት ግማሹ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው ጎራ ፈጽሞ የማይነኩት ነው። መስታወቱና ፓምፑ ላይ እንደ ጠብታ ኖራ የሚታዩት፣ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ጥቅል ነጭ ነገሮች ቤት ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ናቸው፤ ውኃ ከማጣራት በቀር ሥራ የላቸውም። ከቱቦ ውስጥ እንደ ላባ መጥረጊያ የሚዘረጋውም ትል ነው፤ ሰዎች ለውበቱ ገንዘብ ከፍለው ይገዙታል። ከድንጋይ ሥር እንደ ስፓጌቲ ረጃጅም ክር እየዘረጋ ጉድፍ የሚሰበስበውም እንዲሁ ወዳጅ ነው።

አራተኛው ጠፍጣፋው ትል ነው፤ ልትጠነቀቁት የሚገባው ይኸኛው ነው። በብዛት የሚታየው የዝገት ቀለም ያለው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጅራቱ እንደ ሹካ የተከፈለ ነው። ብርሃን ስለሚወድ ከሌሎቹ በተቃራኒ ቀን በቀን አሸዋው፣ መስታወቱና ኮራሉ ላይ ተነጥፎ ይታያል። ኮራሉን አይበላውም፤ ሲበዛ ግን ብርሃን ይከለክለዋል። ሌሎች የኮራል ሥጋ የሚበሉ ጠፍጣፋ ትሎችም አሉ፤ እነሱ ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰሉ ኮራሉ ሲነጣና ሲኮሰምን ነው የሚታወቁት።

በመጨረሻም ትል መስሎ የሚያታልል አለ። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ ጫፉ ስለታም የሆነ ጠንካራ ቱቦ ካያችሁና ከአፉ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ዝልግልግ ክር ከወጣ፣ ያ ቬርሜቲድ የሚባል ቀንድ አውጣ ነው። ድሩ ኮራል ያስቆጣል። ቱቦውን ሰብራችሁ አፉን በሱፐር ግሉ ድፈኑት፤ ይበቃዋል።

ለምን በዙ?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጠጉራም ትል የሚበዛው ምግብ ሲበዛለት ነው። ምግቡን የምንሰጠው ደግሞ እኛው ነን። ልጆች ዓሣ ማብላት ስለሚወዱ አንዱ ጠዋት ይሰጣል፣ ሌላዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሠራተኛዋም ርቧቸው ይሆናል ብላ ትጨምራለች። የተረፈው ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። በኛ ቤት በቀን አራት ጊዜ ይበሉ እንደነበር ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ትሉን እንደ ቆጣሪ አንብቡት። ሌሊት ሁለት ሦስት ብታዩ ቤቱ ጤነኛ ነው። መብራት ሳይጠፋ ጭምር በየቀዳዳው የሚርመሰመሱ ከሆነ ምግቡ በዝቷል፣ ወይም የሞተ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ያብላ፤ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይሰጥ። ውኃ ስትቀይሩ የአሸዋውን ቆሻሻ በጎማ ሳቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥራቸው ራሱ ይወርዳል።

መቀነስ ካስፈለገ

ወጥመድ መሥራት ቀላል ነው። ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፤ ጎኑን ስትሮ በሚያስገባ መጠን ብሱ፤ አጭር ስትሮ አስገቡበት፤ የስትሮው ውስጠኛ ጫፍ የጠርሙሱን ግድግዳ ሳይነካ መሐል ላይ ይንጠልጠል። ትንሽ ጥሬ ሽሪምፕና ለክብደት ጠጠር ጨምራችሁ፣ በአኳሪየሙ ውኃ ሞልታችሁ ማታ አሸዋው ላይ አስተኙት። ትሉ ሽታውን ተከትሎ ይገባል፤ የመውጫውን ጫፍ ግን አያገኘውም። ጠዋት ሳትረሱ አውጡት፤ ሽሪምፑ ውስጥ ሲበሰብስ ሌላ ጣጣ ነው። ትንንሾቹን ጠጉራም ትሎች የሚለቅሙ ሲክስላይን ራስ የሚባል ዓሣና አሮው ክራብ የሚባል እግረ ረጅም ሸርጣንም አሉ። ነገር ግን ሲክስላይን ራስ በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ሌሎቹን ማባረር ስለሚወድ ለትል ብላችሁ ጉልበተኛ እንዳታስገቡ።

ለጠፍጣፋው ትል መላው ሌላ ነው። ይህ ትል ሲሞት መርዝ ይለቃል፤ አንድ ሺውን በአንድ ጊዜ ብትገድሉ ዓሦቹም ይከተላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀጭን ጎማ እየሳባችሁ ለብዙ ቀናት ቁጥሩን አሳንሱ። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ ለዚሁ ትል የተሠራውን፣ በመመሪያው ልክ ብቻ ተጠቀሙ። ከመጀመራችሁ በፊት አዲስ የከሰል ማጣሪያና ለመቀየር የሚበቃ የተዘጋጀ የጨው ውኃ ይኑራችሁ። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ስላለው፣ 25 ሊትር ለመቀየር ወደ 900 ግራም የአኳሪየም ጨው ያስፈልጋችኋል። የወጥ ጨው አይተካውም።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ድንጋይ አትቀቅሉ። ፈላ ውኃም አታፍስሱበት። ይህን በትልቁ ጻፉልኝ። ቁልፍ የሚመስሉ አንዳንድ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ ሲሞቅ በእንፋሎት ይወጣል። ድንጋይ ቀቅለው ወይም በሙቅ ውኃ አጥበው መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች በውጭ አገር ተመዝግበዋል።

ሕያው ድንጋይን በሙሉ በአንድ ጊዜ በቧንቧ ውኃ አትዘፍዝፉ፤ የኔን ታሪክ ሰምታችኋል። የከብት ወይም የውሻ የትል መድኃኒት አኳሪየሙ ውስጥ አትጨምሩ፤ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም።

ለኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ውኃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ የጨው ውኃ ደግሞ ድሮውንም ጨው ከሌለው ውኃ ያነሰ ይይዛል። የሞተ ትል ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚጨርስ፣ የባሕር ዳር ሰው የሚያልፈው ስህተት እኛን ዓሣ ያስከፍለናል። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ አስቡት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ብዙ ትል መሞቱን ከጠረጠራችሁ አሞኒያውን በመመርመሪያ ኪት ለኩ። ከዜሮ ካለፈ ከውኃው ሩቡን ወዲያው ቀይሩ፤ አዲሱ ውኃ በጨውም በሙቀትም ከቀድሞው ጋር ይመሳሰል።

በር ላይ ጠብቁ

ትል በራሱ እግር ቤታችን አይመጣም፤ በገዛነው ድንጋይና ኮራል ላይ ተሳፍሮ ነው የሚገባው። አዲስ ኮራል ስትገዙ ለዚሁ በተዘጋጀ ማጠቢያ ፈሳሽ በተለየ ዕቃ ውስጥ አለቅልቁት፤ የወደቀውን ተመልከቱ። እንቁላል ግን በእጥበት ስለማይሞት፣ ለጥቂት ሳምንታት በሌላ ትንሽ ገንዳ አቆይታችሁ እጥበቱን መድገም ነው። ቦታ ያባክናል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከገባ በኋላ ከማስወጣት ግን እጅግ ይቀላል።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። «ትሉ ነው የገደላቸው?» ስትለኝ፣ አዎ ማለት ቀላል ነበር። እናቴም ባለቤቴም ያንን መልስ የሚጠብቁ መሰለኝ። «አይደለም» አልኳት። «ትሉ ያጸዳልን ነበር። ምን እንደሆነ ሳላጣራ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ውኃው የተበላሸው በእኔ ነው።» ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ መጣችና «ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ፎቶ አንሥተን እንጠይቃለን፤ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ውኃው ጤናውን እስኪያገኝ ሁለት ወር ፈጀ፤ አዲስ ዓሣ ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ቅዳሜ ማታ ማታ ባትሪያችን ላይ ቀይ ፌስታል ጠቅልለን አብረን እንቆጥራለን። ደብተሯ ላይ ቀኑን፣ ብዛቱንና ያየችውን ትጽፋለች። ባለፈው ቅዳሜ «ሦስት ጠጉራም፣ አንድ ስፓጌቲ፣ ሁሉም ሰላም» ይላል። እናቴ ግን ስትመጣ አሁንም ወንበሯን ከአኳሪየሙ ራቅ አድርጋ ነው የምትቀመጠው።